የሰው ርግብ

ግሌንዳ ስቶባርት የሰባት ቀን ጫጩት በግራ መዳፏ ይዛ፣ ሦስቱን የፊት ጣቶቹን ሰብስባ ቀለበቱን ልታሾልክ ስትል የርግብ ቤቱ በር ተንኳኳ። ከመደንገጧ የተነሣ ቀለበቱን አፏ ውስጥ ከተተችው። የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት በገዛ ግቢዋ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲህ ከደነገጠች አንድ ያጠፋችው ነገር አለ ማለት ነው።

"እኔ ነኝ፣ ክሊፍ" አለ ከውጭ ያለው ሰው። "ብቻሽን ነሽ?"

ቀለበቱን አውጥታ በሹራቧ እየጠረገች፣ "ከማን ጋር ልሆን ኖሯል?" አለችው።

ክሊፍ ጉልበቱን እየደገፈ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። የርግብ ክበቡ ጸሐፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጸሐፊነቱ የቀጠለው ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን ሌላ ሰው መዝገቡን መያዝ ስላልፈለገ ነው። የሟቹ ባሏ የኖርማን የልብ ጓደኛም ነበር። ጫጩቱን አየ፣ ቀለበቱን አየ፣ ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ።

"እስካሁን አላደረግሽለትም?"

"ላደርግለት ስል ነው የመጣህብኝ።"

"በይ ፍጠኚ። ሰውየው አምስት ሰዓት ላይ ከች ይላል። ነገ ደግሞ ይሄ እግር በዚህ ቀዳዳ አያልፍልሽም።"

ክሊፍ እያጋነነ አልነበረም። የውድድር ርግብ ቀለበት መክፈቻ የለውም። ጫጩቱ ሰባት ቀን ሲሆነው ቀለበቱ በጣቶቹ በኩል ይሾልካል፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እግሩ ያድግና አይገባም። አንዴ ከገባ ደግሞ ርግቡ እስኪሞት አይወጣም። ላዩ ላይ ዓመተ ምሕረትና ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ከባለቤቱ ስም ጋር ተጽፏል። ቀለበት የሌለው ርግብ አይወዳደርም፣ የማንም አይደለም። ቀለበት ያለው ግን የዚያ ሰው ነው፤ አለቀ ደቀቀ። ግሌንዳ የያዘችው ቀለበት በኖርማን ስም የተመዘገበ ነበር። ኖርማን ለዘንድሮ ጫጩቶች ብሎ በጥር ወር አሥር ቀለበት ገዝቶ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጠ። በየካቲት አንድ ጧት የቁርሱን ሳህን እያጠበ "ትንሽ ልቀመጥ" አለና ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ርግቦቹን የክበቡ ሰዎች ተካፍለው ወሰዱለት። ማንም ሳይፈልገው የቀረው አንድ ወንድ ርግብ ብቻ ነበር፤ ኖርማን "ሻለቃ" የሚለው። ሻለቃ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድ ዐይኑ ሞራ ለብሷል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ የተገኘ እንቁላል ሁሉ መካን ሆኖ ይቀራል። በወጣትነቱ ከፈረንሳይ ጠረፍ ተለቆ በነፋስና በዝናብ ቀድሞ የገባ ርግብ ነው። ኖርማን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ያላደረገው ነገር የለም። ሴት ቀያየረለት፤ እህል ቀየረለት፤ በገዛ ኪሱ መድኃኒት አመጣለት። "አንድ ብቻ፣ ግሌንዳ፤ ከእሱ አንድ ጫጩት ብቻ ልይ" ይል ነበር። እሷ ደግሞ፣ "እሱም እንደ አንተ ጡረታ ወጥቷል፤ ተወው ይረፍ" እያለች ትስቅበት ነበር። አሁን ያን ቀልድ ባልቀለድኩ ትላለች።

ያን አንድ ጫጩት ነው በመዳፏ የያዘችው። ችግሩ የእናቱ ነገር ነው።

እናቱ የመጣችው በሚያዝያ መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ቀን ነው። ግሌንዳ ልብስ ስታሰጣ አንዲት አመድማ ሴት ርግብ ጣራው ላይ አረፈች፤ ከስታለች፤ አንድ ክንፏ ወደ ታች ወርዷል። በርግብ አርቢዎች ዘንድ የጠፋ ርግብ ሲያርፍብህ የምታደርገው የታወቀ ነው። ታበላዋለህ፣ ታጠጣዋለህ፣ ሁለት ቀን ታሳርፈዋለህ፤ በሦስተኛው ቀን ክንፉ ላይ በቀለም የታተመውን የስልክ ቁጥር አንብበህ ለባለቤቱ ትደውላለህ። ኖርማን ሦስተኛውን ቀን እንኳ አይጠብቅም ነበር። በዚያው ቀን ይደውላል፤ ልክ ልጁ የጠፋበት ሰው እየጠበቀ ይመስል። አንዳንዱ ባለቤት ኬክ ይዞ ይመጣ ነበር። አንዱ ደግሞ "አንገቷን ጠምዝዛት" ብሎት ኖርማን ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ግሌንዳም አበላች፣ አጠጣች፣ አሳረፈች። በሦስተኛው ቀን ዘነበ። በአራተኛው ቀን ገብታ ስታይ ሴቲቱ ከሻለቃ ጎን ተቀምጣ የአንገቱን ላባ እየቆነጠረችለት፣ እሱ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ እየተሽከረከረ ያንጎራጉራል። ከጡረታ ተጠርቶ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው ነበር የሚመስለው። ግሌንዳ ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ስልኩን ነገ እደውላለሁ አለች። በማግስቱም ነገ አለች። እንዲህ እንዲህ ሲል አሥር ሳምንት ሆነ።

ያጋለጣት ራሷ ናት። ሴቲቱ ከጣለቻቸው ሁለት እንቁላሎች አንዱን በእጅ ባትሪ ብርሃን ስታየው ውስጡ ቀያይ ክሮች አየች፤ ሕይወት አለው። ደስታዋን መያዝ አቃታት። ሴቲቱን ጎጆዋ አጠገብ ቆማ ፎቶ አነሣቻትና የርግብ አርቢዎች የፌስቡክ ገጽ ላይ "ሻለቃ ገና አልሞተም" ብላ ለጠፈችው። ሰማንያ ሰው ወደደላት። ሰማንያ አንደኛው ፎቶውን አጉልቶ የእግሯን ቀለበት አነበበ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ተደወለ። "ሄስሎፕ እባላለሁ፣ ከሃርትልፑል ነው። አመድማዋ ርግቤ እርስዎ ጋ ያለች ይመስለኛል።" ግሌንዳ አፏ እንዳመጣላት፣ "ምን ርግብ? እኔ ጋ ምንም ሴት ርግብ የለችም" አለችው። ሰማንያ ሰው ያያትን ርግብ።

ከአምስት ቀን በኋላ ከጠበቃ ቢሮ ደብዳቤ መጣ፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ቋንቋው ደረቅ። የሌላ ሰው ንብረት የሆነ ዕቃ ያለአግባብ ይዘው አቆይተዋል፤ ዕቃውን በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ካላስረከቡ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ይቀርባል ይላል። ግሌንዳ ደብዳቤውን ይዛ ርግብ ቤት ገባች። ዕቃዋ በዚያን ሰዓት የውሃ መጠጫው ጠርዝ ላይ ቆማ ጀርባዋን ወደ ውሃው አዙራ የተለመደ ሥራዋን እየሠራች ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡ አሉ። ተራዋ ሲደርስ ጥፍሯን ሐምራዊ የተቀባች አንዲት ወጣት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችላት።

"አልሰረቅኩም እኮ" አለች ግሌንዳ። "ራሷ ነች የመጣችው።"

"መምጣቷ ችግር የለውም። ባለቤቷ ሲጠይቅዎት የለችም ማለትዎ ነው ችግሩ።"

"ክፉ አስቤ አይደለም።"

"ይገባኛል። ይሄ ግን ወንጀል አይደለም፤ ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚባለው ነው። ክፉ አሰቡ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ንብረቱ የሰው ነው፣ ባለቤቱ መልሺልኝ አለ፣ እርስዎ ከለከሉ። በቃ።"

ግሌንዳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እንቁላሉስ?" አለች።

ልጅቷ ይሄን አላሰበችበትም ነበር። ገብታ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ ተመለሰች። ያገኘችው ስለ ላም ነው። ጥጃ የሚሆነው የባለላሟ ነው፤ ኮርማው የማንም ይሁን። ስለ ርግብ የተጻፈ አላገኘችም፤ ያው ነው የሚመስላት።

"ኮርማ ተራ ገብቶ እንቁላል አይታቀፍም" አለች ግሌንዳ። "ርግብ ግን ወንዱም ይታቀፋል። ወንዱም ያጎርሳል። እኩል ነው የሚለፉት።"

"ምን ላድርግዎ፣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ርግብ አላረቡም" አለች ልጅቷ፤ ከልቧ አዝና ነበር።

ግሌንዳ ለጠበቃው ቢሮ ደውላ ቅዳሜ በአምስት ሰዓት ይምጣና ርግቧን ይውሰድ አለች። ስለ እንቁላሉ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ እንቁላሉ ተፈለፈለ፤ ዛሬም ሰባተኛ ቀኑ ሆነ።

ክሊፍ የእህሉ በርሜል ላይ ተቀምጦ ያሰበውን ነገራት። ደብዳቤው የሚለው ሴቲቱን ነው። ጫጩቱ የኖርማንን ቀለበት ካደረገ በመዝገብ የኖርማን ነው፤ መዝገቡን የሚጽፈው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ሰውየው ሴቲቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሻለቃ የቀረውን ራሱ አጉርሶ ያሳድገዋል። ማንም አልተጎዳም።

"የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ግን ጫጩቱ የሰውየው ነው ብላለች" አለች።

"ልጅቷ አሁን እዚህ አለች?" ክሊፍ ተነሣ። "ግሌንዳ፣ ኖርማን ለዚህ ጫጩት ሁለት ዓመት ለፍቷል። እኔ ምንም አላየሁም፤ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም። አንቺ ግን ቀለበቱን አድርጊለት።"

እሱ ከወጣ በኋላ እንደገና ሞከረች። ቀለበቱ እስከ ጣቶቹ መሐል ድረስ ገባላት። ከዚያ ጫጩቱን እንዳታሳምመው ፈርታ ተወችው። ቀለበቱን የጎጆው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ጫጩቱን ወደ ጎጆው መለሰችው። ተራው የወንዱ ነበርና ሻለቃ መጥቶ ላዩ ላይ ተኛበት። ከጫጩቱ አንዲት ላባ እንኳ አትታይም ነበር።

መኪናው ከቀጠሮው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ።

ሄስሎፕ እሷ እንደጠበቀችው ዐይነት ሰው አልነበረም። ከሰባ ዓመት ያለፈ፣ ረዥም፣ ትንሽ የጎበጠ ሰው ነው። በሐምሌ ካፖርት ደርቧል፤ ክራቫትም አስሯል። የቀርከሃ ቅርጫቱን በሁለት እጁ ፊት ለፊቱ ይዞ፣ ለሻይ ሲጋበዝ አይ አለ፤ ሁለተኛ ሲጋበዝ እሺ አለ። ግቢው ውስጥ ቆመው በወተት የነጣ ሻይ ጠጡ። መጀመሪያ የተናገረው ስለ ደብዳቤው ነው።

"ጠበቃዋ ምራቴ ናት የጻፈችው። ለአንዲት ርግብ ደብዳቤ ምን ያደርጋል ብላት፣ እሷ እንደ ሠርግ ነው ደስ ያላት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው" አለች ግሌንዳ። "በስልክ ዋሽቼዎታለሁ።"

"አውቃለሁ። ፎቶውን እያየሁ ነበር የማናግርዎት። የርግብ ቤትዎ መጋረጃ ያምራል።"

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ አፈረችና ዋጠችው። ሰውየው ግን ሻዩን እያማሰለ ቀጠለ። በሚያዝያ ወር ውስጥ ሠላሳ አንድ ርግቦች ለውድድር ልኮ ነበር። መንገድ ላይ አየሩ ተበላሸ። በዚያ ቀን አራት ብቻ ገቡ።

"የቀሩት የት እንደወደቁ አላውቅም። ከሃያ ሰባቱ ስለ አንዷም የደወለልኝ ሰው የለም። አሥር ሳምንት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበሬ ስነሣ ከረምኩ። አብዛኛውን ጊዜ የምትደውለው የጥርስ ሐኪሜ ጸሐፊ ናት።" ኩባያውን አጥሩ ላይ አስቀመጠ። "ሞታለች ብሎ የሚደውል ቢኖር እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።"

ግሌንዳ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስታስብ የነበረው ስለ ርግቧ ነው፤ ርግቧ አልተራበችም፣ አልታመመችም፣ ማንንም አልጎዳሁም ትል ነበር። ስልክ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው መኖሩን ረስታው ነበር። እሷ፣ የኖርማን ሚስት። ከልቧ አዘነች፤ በራሷም ተናደደች።

ወደ ርግብ ቤቱ ገቡ። ሴቲቱ ሄስሎፕን ስታይ አልሸሸችም። በአንድ እጁ አነሣትና ክንፏን ዘረጋ፣ የደረቷን አጥንት ዳሰሰ፣ ዐይኗን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። ከዚያ አውራ ጣቱ አንገቷ ሥር፣ ምግቧን የምታጠራቅምበት ከረጢት ላይ አረፈና እዚያው ቆየ። ቀና ብሎ ግሌንዳን አየ፤ ጎጆዎቹን ግን አላየም። ሴቲቱን ቅርጫት ውስጥ አስገብቶ የቆዳውን ማሰሪያ አጠበቀ።

"ደህና አድርገው ይዘዋታል" አለ። "አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ስቶባርት።"

አንድ እግሩ ደጅ፣ አንድ እግሩ ውስጥ ነበር። ከእሷ የሚጠበቀው "ደህና ይግቡ" ማለት ብቻ ነው። ሻለቃ ጎጆው ላይ ተዘርግቶ በአንድ ዐይኑ ያያታል። ከሥሩ ያለውን ጫጩት ማንም አላየውም፤ ማንም አልጠየቃትም። ቀለበቱ ጠርዙ ላይ ነው። ሰውየው መኪናው ውስጥ እስኪገባ ብትጠብቅ ነገሩ አለቀ፤ ኖርማን የተመኘው ሁሉ እጇ ገባ።

"ይቆዩ" አለች።

እጇን ከሻለቃ ሥር ሰደደች። ሻለቃ በክንፉ መታት፤ ደግሞ መታት። ጫጩቱን አውጥታ፣ ዐይን የማይገባ፣ ቢጫ ጭገሩ የተንጨፈረረ፣ ምንቃሩ ከፊቱ የሚበልጥ ፍጥረት በመዳፏ ዘረጋችለት።

"ይሄም የእርስዎ ነው።"

ሄስሎፕ ቅርጫቱን አስቀምጦ ክሊፍ ተቀምጦበት የነበረው በርሜል ላይ ተቀመጠ።

"እንዳለ አውቄያለሁ" አለ። "ከረጢቷ ሙሉ ነው፤ እያጎረሰች ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ብጠይቅዎት ይዋሹኛል ብዬ ፈራሁ። ሲዋሹ አንዴ ሰምቼዎታለሁ። አይሆንልዎትም።"

ግሌንዳ ሳቀች፤ ዐይኗም እንባ አቀረረ። ያን ያህል ጊዜ ለማንም ያልነገረችውን ለዚህ ሰው ነገረችው። ስለ ኖርማን፣ ስለ ሻለቃ ሁለት ዓመት መካን መቅረት፣ ስለ ቀለበቶቹ፣ ሳህን ሲያጥብ ስለነበረበት ጧት። ሄስሎፕ መሐል አልገባባትም። ስትጨርስ ወደ ሻለቃ ዞሮ በአክብሮት አየው።

"አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው ያሉኝ?"

"ነሐሴ ላይ አሥራ ሦስት ይገባል።"

"እኔ በእሱ ዕድሜ ያለ ርግብ ቆሞ ሲሄድም አላየሁ" አለና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እጁን ከቶ መፈለግ ጀመረ። የበቆሎ ፍሬ ወጣ፤ ሲባጎ ወጣ፤ የቆየ ደረሰኝ ወጣ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ቀለበት አወጣ። ጠርዙ ላይ ካለው ከኖርማን ቀለበት ጎን አስቀመጠው።

"ሰባት ቀኑ ነው አይደል? ዛሬ ካልሆነ አይሆንም። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እርስዎ ያድርጉለት።"

"የትኛውን?"

"ምራቴን ቢጠይቁ የእኔን ትላለች። እኔ ግን ለዚህ ጫጩት አንዲት ፍሬ አላጎረስኩትም። የመረጡትን ያድርጉለት፤ አልከራከርዎትም።" ተነሣ። "ውሻዬ መኪና ውስጥ ነው፤ ውሃ ልስጠው።"

ቅርጫቱን ከነርግቧ እዚያው ትቶ ወጣ።

ግሌንዳ ሁለቱን ቀለበቶች በየተራ አነሣቻቸው። ክብደታቸው አንድ ነው፤ ከቁጥሩ በቀር የሚለዩበት ነገር የለም። ኖርማን ቢኖር የትኛውን ያደርግለት ነበር ብላ ራሷን ጠየቀችና መልሱ ወዲያው መጣላት። ኖርማን ቢኖር ይሄ ጥያቄ አይኖርም ነበር። በዚያው እሑድ ደውሎ፣ ሰውየው በማግስቱ መጥቶ ወስዷት፣ ሻለቃም ብቻውን ቀርቶ፣ ጫጩት የሚባል ነገር ባልተፈጠረ። ጫጩቱ የተገኘው እሷ ስላጠፋች ነው። ቢሆንም በመፈጠሩ አልተጸጸተችም፤ ይሄን ለራሷ አልደበቀችም። በጥፋቷ የተገኘውን በኖርማን ስም ማስመዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ስልክ ሲደውል የኖረ ሰው የእሱ ባልሆነ ርግብ እግር ላይ ስሙ መዋሉን አይወደውም።

የኖርማንን ቀለበት ወደ ቆርቆሮ ሣጥኑ መልሳ ከዘጠኙ ጋር ጨመረችው። የሄስሎፕን አነሣች። ሦስቱን የፊት ጣቶች ሰበሰበች፣ ቀለበቱን አሾለከች፣ ወደ ኋላ የታጠፈችውን ጣት በክብሪት እንጨት ቀስ ብላ አወጣች።  ጫጩቱን ሻለቃ ሥር መለሰችው፤ ለሦስተኛ ጊዜ በክንፉ ተመታች።

ከዚያ ቅርጫቱን ከፍታ ሴቲቱን አወጣች። ክንፏን ዘረጋች። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም አንድ በአንድ እያነበበች በተንቀሳቃሽ ስልኳ ደወለች። መንገድ ዳር፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ስልክ ሲጮህ ተሰማት። ሰውየው ኪሱን እየፈተሸ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ጮኸ።

"ሄስሎፕ ነኝ።"

"ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ሄስሎፕ። ግሌንዳ ስቶባርት እባላለሁ። አንዲት አመድማ ሴት ርግብ እኔ ጋ አርፋለች፤ ክንፏ ላይ የእርስዎ ስልክ ቁጥር ስላለ ነው የደወልኩት።"

 ውሻው አንዴ ጮኸ።

"ደህና ናት?" አለ ሄስሎፕ።

"ደህና ናት። የሰባት ቀን ጫጩት አላት።"

"የጫጩቱ ቀለበት ቁጥር ስንት ይላል?"

አነበበችለት። በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማታል፤ ከአጥሩ በላይ ደግሞ የጎበጠ ትከሻው ይታያታል። ወደ እሷ አልዞረም።

"እንግዲያው" አለ፣ "ያብሏት፣ ያጠጧት፣ ያሳርፏት። ጫጩቱ ራሱን እስኪችል ሦስት ሳምንት እዚያው ይቆዩ፤ ያኔ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። እስከዚያ ሌላ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ያ ሽማግሌ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይመስለኝም። ከጣለች ይደውሉልኝ፤ ሲፈለፈል የእርስዎን ቀለበት እናደርግለታለን።"

ግሌንዳ ሴቲቱን ጎጆው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻትና ባዶውን ቅርጫት ለሰውየው ልትመልስ በክንዷ አንጠለጠለች።

"በዚያው ቀን እደውልልዎታለሁ" አለችው።